መሪ ሲዞር የሚሰማ ድምፅ ምን ይናገራል?



ከመካከላችን ብዙዎች በሰው አገር ደክመን ያጠራቀምነውን ገንዘብ አገር ቤት መኪና ገዝተንበታል፤ ያልገዛነውም ለመግዛት እናስባለን። አንዷ ለወንድሟ ሚኒባስ፣ ሌላዋ ለባለቤቷ ቪትዝ፣ ሌላዋ ለእኅቷ ልጅ ባጃጅ ገዝታለች። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ቤተሰብ ሠርቶ ይደር፣ እኛም ስንመለስ የምንጀምርበት ነገር ይኑረን ብለን ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስልክ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። «መሪው ሲዞር ይጮኻል፤ ጋራዥ ወስጄው የመሪው ማርሽ በሙሉ ይቀየር አሉኝ፤ ገንዘብ ላኪልኝ» ይላል። እዚህ ያለችው እኅት መኪናውን አታየውም፤ ድምፁንም አትሰማውም። የማታውቀውን ነገር ላለመከራከር ስትል የ2 ወይም የ3 ወር ደመወዟን ትልካለች። ሌላዋ ደግሞ «ሁልጊዜ ብር ብር ነው» ብላ ትቆጣና ትተወዋለች። ሁለቱም መንገድ ጉዳት አለው። ድምፁ የላላ ቺንጊያ ብቻ ከነበረ የመጀመሪያዋ ገንዘቧን በከንቱ ከፈለች። ድምፁ ከፊት እግር ሊነቀል የደረሰ ቦል ጆይንት ከነበረ ደግሞ ሁለተኛዋ ሳታውቀው ወንድሟን ተሳፋሪዎቹንም ለአደጋ ተወቻቸው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መሪ ሲዞር የሚሰሙትን ድምፆች አንድ በአንድ እናያለን። ዓላማችን መካኒክ ለመሆን አይደለም። በስልክ ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ፣ የትኛው ድምፅ ቀላል፣ የትኛው ውድ፣ የትኛው ደግሞ አደገኛ እንደሆነ ለመለየት ነው። እዚህም በሹፌርነት የምትሠሩ ወንድሞች ትጠቀሙበታላችሁ።

መሪ እንዴት ይሠራል?

ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ከመሪው ሥር ያለው ረጅም ዘንግ አብሮ ይዞራል። ዘንጉ ከታች ከመሪ ማርሽ ጋር ይገናኛል። ማርሹ የመሪውን መዞር ወደ ግራና ወደ ቀኝ መግፋት ይለውጠዋል። ከማርሹ በሁለቱም በኩል የሚወጡ ዘንጎች አሉ፤ ጫፋቸው ላይ ያለው መጋጠሚያ ታይ ሮድ ኤንድ ይባላል። ጎማውን ገፍቶና ስቦ የሚያዞረው ይህ ነው።

ጎማው ራሱ ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው በቦል ጆይንት ነው። ቦል ጆይንት ማለት በጽዋ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ድቡልቡል ብረት ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። በእኛም ዳሌ ላይ ያለው የአጥንት መጋጠሚያ ይህን ይመስላል። ሲበላ ይላላል፤ ሲላላ ይንኳኳል፤ ከዚያም ካለፈ ይወልቃል።

ይህን ሁሉ በእጅ ኃይል ብቻ ማዞር ከባድ ስለሆነ አጋዥ ኃይል ተጨምሮለታል። ፓወር ስቲሪንግ የምንለው ይህን ነው። እርሱም በሁለት ዓይነት ይከፈላል።

የመጀመሪያው በዘይት የሚሠራ ነው። ሞተሩ በቺንጊያ አማካይነት ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን በግፊት ወደ መሪው ማርሽ ይልካል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በዚህ ዓይነቱ ፓምፕም፣ ቺንጊያም፣ የመሪ ዘይትም የለም፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ መሪውን ያግዛል።

ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙት፤ ገንዘባችሁን የሚያድን ነውና። ብዙዎቹ ቪትዞችና የቅርብ ጊዜ መኪኖች መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በባትሪ የሚሄዱት መኪኖችም እንዲሁ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የባትሪ መኪና የሚገዙ ቤተሰቦች እየበዙ ነው። እንግዲህ የእንዲህ ዓይነት መኪና ባለቤት ለሆነች እኅት «የመሪ ዘይት ይቀየር፣ የመሪ ፓምፕ ይገዛ» የሚል ሂሳብ ከመጣላት ቆም ብላ መጠየቅ አለባት። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ኮፈኑን ከፍቶ የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያ ጠርሙስ መኖሩን ማየት ነው። ጠርሙስ ከሌለ የሚቀየር ዘይትም የለም።

ድምፆቹና ትርጉማቸው

1ኛ. ማቃሰት

መሪ በተዞረ ቁጥር፣ በተለይ መኪና ሲቆም ወይም ሲወጣ፣ «እምምም» ብሎ የሚያቃስት ድምፅ ሲሰማ በዘይት በሚሠራ መሪ ላይ ብዙ ጊዜ የዘይት ማነስ ነው። ዘይቱ ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፤ አየር ሲስብ ያቃስታል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይበረታል።

የመጀመሪያው ሥራ ጠርሙሱን ማየት ነው። በጎኑ ላይ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መጠን የሚያሳዩ መስመሮች አሉ። ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ከሆነ ይጨመራል። ዘይቱ አረፋ ከሠራ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ደግሞ አርጅቷልና ይቀየራል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ የሚጨመረው ዘይት በጠርሙሱ ክዳን ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ነው። አንዳንዱ መኪና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማል፤ አንዳንዱ የራሱ የተለየ ዘይት አለው። የፍሬን ዘይት በምንም ዓይነት አይጨመርበትም፤ በውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ያበላሻቸዋል፤ ትንሹን ወጪ ትልቅ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ካነሰ የሆነ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው። ቱቦው፣ ፓምፑና በመሪው ማርሽ ሁለት ጫፎች ያሉት የላስቲክ ሽፋኖች ይታዩ። በየሳምንቱ ዘይት እየጨመሩ መንዳት ችግሩን ማቆየት እንጂ መጠገን አይደለም። ሦስተኛ፣ ዘይት ከተጨመረ በኋላ አየሩ መውጣት አለበት። መካኒኩ የፊት ጎማዎችን ከመሬት አንሥቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሣ መሪውን ቀስ እያለ ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ያዞራል፤ ዘይቱ ሲወርድ ይጨምራል። ይህ ሳይደረግ «ዘይት ጨመርን ድምፁ ግን አልጠፋም፤ ስለዚህ ፓምፕ ይገዛ» ቢባል ለመቀበል አትቸኩሉ።

ዘይቱ ሙሉ ሆኖ፣ አየሩም ወጥቶ ማቃሰቱ ከቀጠለ ያን ጊዜ ፓምፑ ተበልቷል ማለት ያስኬዳል።

2ኛ. ሲጥ ብሎ መጮኽ

ሞተሩ እንደ ተነሣ ወይም መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ «ሲጥጥጥ» ብሎ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ከኮፈን ሥር ከመጣ ቺንጊያው ላልቷል ወይም አርጅቷል። መሪው ሲጠመዘዝ ፓምፑ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ የላላው ቺንጊያ ደግሞ ይንሸራተትና ይጮኻል። ጥገናው ማጥበቅ ወይም መቀየር ነው። ከመሪ ጥገናዎች ሁሉ ከቀላሎቹ አንዱ ስለሆነ ሁልጊዜ ቀድሞ ይታይ።

ቀላል ነው ብለን ግን አንናቀው። በብዙ መኪኖች ያው አንዱ ቺንጊያ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ያዞራል፤ በአንዳንዶቹም የማቀዝቀዣውን የውኃ ፓምፕ ጭምር። ጩኸት ተሰምቶ መሪው በድንገት ከከበደና የባትሪው መብራት ከበራ ቺንጊያው ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሹፌሩ ዳር ይዞ ማቆም አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ሞቆ ሊበላሽ ይችላል።

3ኛ. ጠቅ ጠቅ ማለት

መኪናው ታጥፎ ነዳጅ ሲሰጠው «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚፋጠን ድምፅ ከጎማ አካባቢ ከመጣ የሲቪ ጆይንት ድምፅ ነው። ሲቪ ጆይንት ከካምቢዮ የሚመጣውን ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርስ ተጣጣፊ መጋጠሚያ ነው። በላስቲክ ተሸፍኖ በግራሶ የተሞላ ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፤ አቧራና ጭቃ ይገባል፤ ብረቱም ይበላል።

ለማረጋገጥ ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ በዝግታ ክብ መዞር ነው፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ብዙ ጊዜ በቀኝ ሲዞር የሚጮኸው የግራው፣ በግራ ሲዞር የሚጮኸው የቀኙ ነው፤ በውጭ በኩል ያለው ጎማ የበለጠ ስለሚሸከም ነው።

ላስቲኩ ብቻ ተቀዶ ድምፅ ካልጀመረ ላስቲኩንና ግራሶውን መቀየር ይበቃል። ድምፅ ከጀመረ ግን ላስቲክ መቀየር አያድነውም፤ መጋጠሚያው ራሱ ይቀየራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። መኪናው ለዘይት ቅያሪ ጋራዥ በገባ ቁጥር እነዚህን ላስቲኮች ማየት አንድ ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው።

ሌላም ልብ የምትሉት አለ። የፊት ጎማቸው የሚገፋ መኪኖች፣ እንደ ቪትዝና እንደ ብዙዎቹ የቤት ኮሮላዎች ያሉት፣ ከፊት ሲቪ ጆይንት አላቸው። ሚኒባስ ሆኖ የሚሠራው ተራው ሃይስ ግን የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው፤ የፊት ጎማው ላይ ሲቪ ጆይንት የለውም። በአራቱም ጎማ ካልሆነ በስተቀር በእንዲህ ያለ መኪና ላይ «የፊት ሲቪ ጆይንት ቀየርን» የሚል ሂሳብ ከመጣ ማብራሪያ ይጠየቅበታል።

4ኛ. ቋ ቋ ማለት

መሪ ሲዞር ወይም ጉድጓድ ሲገባ «ቋ» የሚል የብረት ድምፅ ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን ይገባል። ምንጩ የተበላ ቦል ጆይንት፣ የተበላ ታይ ሮድ ኤንድ ወይም የላላ ብሎን ሊሆን ይችላል። ታይ ሮድ ኤንድ ከወለቀ አንዱ ጎማ መሪውን መታዘዝ ያቆማል። ቦል ጆይንት ከወለቀ ጎማው ከመኪናው ሥር ይታጠፋል፤ ያ በፍጥነት ላይ ከሆነ መኪናው ይገለበጣል ወይም ወደ ሌላ መኪና ይገባል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ፤ የፊቱ በክሪክ ይነሣል፤ ከሥሩም ጠንካራ መደገፊያ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከዚያ መካኒኩ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይወዘውዛል፤ ከላላ ቦል ጆይንቱ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። ግራና ቀኝ ይዞ ሲወዘውዘው ከላላ ደግሞ በአብዛኛው ታይ ሮድ ኤንዱ ነው። አንድ ሰው ሲወዘውዝ ሌላው መጋጠሚያዎቹን በዓይኑ ቢከታተል የላላው ራሱን ያሳያል።

ታይ ሮድ ኤንድ ከተቀየረ በኋላ የጎማ አላይመንት መሠራት አለበት። ካልተሠራ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ አዲስ ጎማም በአጭር ጊዜ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ድምፁ የጀመረው ጎሚስታ ጎማ ከፈታ በኋላ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የጎማው ዳዶዎች መጥበቃቸው ይታይ። ምንም ወጪ የለውም፤ ሕይወት ግን ያድናል።

5ኛ. እንደ ደረቀ የበር ማጠፊያ መጮኽ

መኪናው ቆሞ ሳለ መሪ ሲዞር «ጢጥ ጢጥ» የሚል ከሆነ ጎሚኒዎች ደርቀዋል ወይም ቦል ጆይንቱ ግራሶ ጨርሷል። ዘይት ረጭቶ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል፤ ችግሩ ግን አይጠፋም። ደርቆ የሚጮኽ ቦል ጆይንት ነገ የሚላላ ቦል ጆይንት ነው። ስለዚህ ይታይ፤ ላስቲኩ ተቀዶ ከሆነ ይቀየር።

መሪ ሲዞር «ድንግ» ብሎ ሞላ የሚፈናጠር የሚመስል ድምፅ ካለ ደግሞ ከፊተኛው ሾክ አብዞርበር አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ አልዞር ብሎ ሞላው እየተጠመዘዘ ሲለቀቅ ነው። ይህ ወዲያው አያቆምም፤ መሪውን ግን ያከብደዋል፤ ጊዜ ሳይሰጠው ይሠራ።

6ኛ. ማጓራት

መኪናው ሲሮጥ «ውውውው» እያለ የሚያጓራ፣ በኩርባ ላይ ደግሞ የሚለወጥ ድምፅ የጎማ ኩሽኔታ ነው። በቀኝ ኩርባ ላይ ክብደቱ ወደ ግራ ያርፋል፤ በዚያን ጊዜ ድምፁ ከጨመረ አብዛኛውን ጊዜ የተበላው የግራው ነው። በግራ ኩርባ ሲጨምር ደግሞ የቀኙ ነው። ኩሽኔታ ቸል ከተባለ ሊግልና ጎማው ሊቆለፍ ወይም ሊወጣ ይችላል።

7ኛ. መፋቅ

መሪ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ብቻ «ሽር ሽር» የሚል ከሆነ ጎማው ፓራፋንጎውን እየነካ ሊሆን ይችላል። ከመኪናው ልክ በላይ የሆነ ሰፊ ጎማ ሲገጠም ወይም ከፓራፋንጎው ሥር ያለው ላስቲክ ብሎኑ ሲወልቅ ይህ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ከፍሬኑ ጀርባ ባለው ስስ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ትንሽ ጠጠር ብቻ ትሆናለች። ዕቃ ከመግዛት በፊት በእጅና በዓይን መፈለግ ይበቃል።

8ኛ. ከመሪው ከራሱ የሚመጣ ድምፅ

ድምፁ ከሹፌሩ እጅ ሥር የሚመጣ ከሆነ የፕላስቲክ መፋተግ ወይም በመሪው ዘንግ ላይ ያለ መጋጠሚያ መላላት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የኤርባግ መብራት አብሮ ከበራ ማንም ተራ ሰው መሪውን እንዳይፈታው። ኤርባጉ በድንገት ቢፈነዳ ፊትና እጅ ይጎዳል። ይህ ሥራ ለሚያውቅ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይተው።

ሊያስደነግጡ የማይገቡ ድምፆች

ሁሉም ድምፅ ብልሽት አይደለም። በልስልስ ወለል ላይ፣ ለምሳሌ እዚህ በየገበያ ማዕከሉ ምድር ቤት ባለው መኪና ማቆሚያ፣ ጎማ ሲዞር ይጮኻል፤ ከላስቲክና ከወለል መፋተግ ነው። በዘይት የሚሠራ መሪ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ሲያዝ «ሽሽሽ» ማለቱም የተለመደ ነው፤ ግፊቱ በዝቶ በማስተንፈሻ እየወጣ ነው። ይሁን እንጂ እንደዚያ ይዞ ከጥቂት ሰከንድ በላይ መቆየት ፓምፑን ያሞቀዋልና ሹፌሩ ትንሽ መለስ ያድርገው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሪም ቀስ ያለች የሞተር ድምፅ ታሰማለች። ድምፁ ከወትሮው ሳይለወጥ፣ መሪው ሳይከብድ፣ በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሳይበራ ገንዘብ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

ባጃጅ ለገዛችሁ

ባጃጅ ፓወር ስቲሪንግ የለውም፤ መሪው እንደ ሞተር ሳይክል እጀታ ነው። ሲዞር የሚንቋቋ ወይም በመካከል የሚይዝ ከሆነ በእጀታው አንገት ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ግራሶ ጨርሰዋል ወይም ተበልተዋል። በጊዜው ከተደረሰ ማጽዳት፣ ግራሶ መቀባትና በልክ ማጥበቅ ይበቃል። ቸል ከተባለ ግን ባጃጁ የፊት ጎማው አንድ ብቻ ስለሆነ መሪው ሲይዝ የሚደግፈው ሌላ ጎማ የለም።

በስልክ ምን እንጠይቅ?

ስልኩ ሲመጣ ከመቆጣትም ከመላክም በፊት እነዚህን በእርጋታ እንጠይቅ።

• ድምፁ እንዴት ነው የሚለው? ያቃስታል፣ ሲጥ ይላል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል ወይስ ቋ ይላል?
• መኪናው ቆሞም ይሰማል ወይስ ሲሄድ ብቻ?
• በቀኝ ነው በግራ ወይስ በሁለቱም?
• ከመቼ ጀምሮ ነው? ከዚያ በፊት ጎማ ወይም ሌላ ዕቃ ተፈትቶ ነበር?
• መሪው ከብዷል? ይንቀጠቀጣል? ወደ አንድ ጎን ይስባል?
• መሪው በዘይት ነው በኤሌክትሪክ የሚሠራው? ዘይቱ ታይቷል? መኪናው ባደረበት ቦታ መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት አለ?
• መካኒኩ ጎማውን አንሥቶ ወዝውዞ አይቶታል?

ከተቻለ አንድ ሰው መሪውን ሲያዞር ሌላው ከውጭ ቆሞ ድምፁን በስልክ ቀድቶ በዋትስአፕ ወይም በኢሞ ይላክልን። ያንኑ ቅጂ ለሌላ መካኒክ ማሰማት ይቻላል። ትልቅ ወጪ ሲጠየቅ ከሁለት ጋራዥ ሐሳብ መቀበል ነውር የለውም። ዕቃው ከሱማሌ ተራም ይገዛ ከሱቅ፣ አሮጌው ዕቃ እንዳይጣል፣ የወጣውና የገባው ዕቃ ጎን ለጎን ፎቶ ተነሥቶ እንዲላክ፣ ደረሰኝም እንዲያዝ እንጠይቅ። ያገለገለ ቦል ጆይንትና ታይ ሮድ ኤንድ አይገዛም፤ በእነዚህ ላይ የሚገኘው ቁጠባ በሰው ነፍስ የሚገኝ ነው።

ይህን መጠየቅ ወንድምን አለማመን አይደለም። ብዙ ጊዜ እርሱም እንደ እኛው የተነገረውን ነው የሚነግረን። ጥያቄዎቻችን ይዘውት ጋራዥ ሲገባ እርሱንም ከመታለል ያድኑታል።

የገንዘብ ቅደም ተከተል

ጥገና ሁልጊዜ ከቀላሉ ይጀምራል። በመጀመሪያ ወጪ የሌለው ይታይ፤ የጎማ ንፋስ፣ የጎማ ዳዶ፣ የዘይት መጠን፣ የተንጠለጠለ ላስቲክ። ቀጥሎ ቺንጊያ፣ ዘይትና የላስቲክ ሽፋኖች። ከዚያ ቦል ጆይንት፣ ታይ ሮድ ኤንድ፣ ሲቪ ጆይንትና ኩሽኔታ። ፓምፕና የመሪ ማርሽ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ከታች ያሉት ሳይታዩ ከላይኛው የጀመረ ጋራዥ ምክንያቱን ያስረዳ።

መኪናው ወዲያው የሚቆምባቸው ምልክቶች

ገንዘብ ቢኖርም ባይኖርም፣ ተሳፋሪ ቢጠብቅም፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ መኪናው እስኪሠራ ይቁም።

• «ቋ» የሚል ድምፅ ከመሪ መላላት ጋር ሲመጣ
• መሪ ሲዞር በመካከል ሲይዝ ወይም ባዶውን ሲዞር
• በተነሣ ጊዜ ጎማው በእጅ ሲወዛወዝ
• የመሪ ዘይት በብዛት ሲፈስ
• መሪው በድንገት ሲከብድና ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ

አንድ ክፉ ልማድም አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በቁልቁለት ሞተር አጥፍተው የሚለቁ ሹፌሮች አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ የመሪው አጋዥ ይጠፋል፤ የፍሬኑም አጋዥ ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ቁልፉ ጨርሶ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። በዚያ የሚገኘው ነዳጅ የሚያስከፍለውን አይመልስም። ይህን ለቤተሰቦቻችን አጥብቀን እንንገራቸው።

ለመግዛት ላሰባችሁ

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ያስደርግ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ ድምፁን ለመደበቅ ሊሆን ይችላል። ሬዲዮው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት። መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዙር። በሜዳ ላይ በቀኝም በግራም ክብ ይዞር። በጉድጓዳማ መንገድ በዝግታ ይነዳ። የፊት ጎማዎቹ መበላት ይታይ፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተበሉ መሪው ወይም እግሩ ችግር አለበት። በመጨረሻም መካኒክ ከሥር ገብቶ ላስቲኮቹንና መጋጠሚያዎቹን ይይ። ለመካኒኩ የሚከፈለው ጥቂት ብር በኋላ ከሚመጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም። ከዚህ የመጣ ያገለገለ መኪና ከሆነ ደግሞ ለላስቲኮቹ የተለየ ትኩረት ይሰጥ፤ የበረሃው ሙቀት ላስቲክን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃልም።

ውድ እኅቶቻችን፣ አገር ቤት ያለው መኪና የድካማችን ፍሬ ነው፤ በውስጡ የሚቀመጡት ግን ከመኪናው ይበልጣሉ። ለማይረባ ድምፅ ብዙ ገንዘብ አናውጣ፤ አደገኛውን ድምፅ ደግሞ በገንዘብ ምክንያት አናሳድረው። ይህን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ ለሚነዳው ወንድማችሁ ላኩለት፤ በሚቀጥለው ስልክ ስለ ድምፁ ስትነጋገሩ ሁለታችሁም ስለ ምን እንደምትነጋገሩ ታውቃላችሁ።